አልማዝ የምትተነፍስበት ቦታ

«ስህተት አይደለም አልኩሽ!»

«ጋሼ፣ ተቀባዮቹ ቀድመው ገቡ እኮ። የመጀመሪያዎቹ ገና ስንኙን አልጨረሱም።»

«አዎ፣ አልጨረሱም። ታዲያስ?»

«ታዲያማ ይደገማል።»

«አንዴ ደገምን፣ ሁለቴ ደገምን። አሥር ጊዜ ብታስደግሚያቸው አሥሬም እዚያችው ቦታ ላይ ነው የሚገቡት። አሥር ጊዜ ሙሉ አንድ ቦታ ላይ የሚሳሳት ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

የስቱዲዮው ባለቤት ሸምሱ በሩን ተደግፎ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ይስቃል። ከመስታወቱ ወዲያ ስምንት እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ድምፃችን ወደ እነሱ ስለማያልፍ የሚያዩት የሚከፈት የሚዘጋ አፋችንን ብቻ ነው። አንዷ ወደ ጎረቤቷ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር አለቻት፤ ስምንቱም ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ሥራ ከጀመርኩ አራት ወር ነበር፤ የመቅጃውን ቁልፍ የምጫነው እኔ ስለሆንኩ ትክክልና ስህተቱን የምወስነውም እኔ መስሎኝ ነበር። የሚከራከሩኝ ሰው ጋሽ ሎምቤቦ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ መዘምራን ሲያሠለጥኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ እናቶቹን ከሆሳዕና ወጣ ካለ ቀበሌ ይዘው የመጡትም እሳቸው።

«ልጄ፣» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሁለት ሰው አንድ ላይ ሲናገር ሰምተሽ አታውቂም?»

«ሰምቻለሁ። ባለጌዎች ናቸው።»

ሸምሱ ከት ብሎ ሲስቅ ስንጥሩ ከአፉ ወደቀ። ጋሽ ሎምቤቦም መሳቅ አልፈለጉም ነበር፤ አመለጣቸው። ቀረጻው ሳይደገም ቀረ። እኔ ግን አላመንኩም ነበር፤ አኩርፌ ነው ያስቀመጥኩት።

አሁን ዱራሜ ውስጥ በአንድ የጽሕፈትና ኮፒ ቤት ተቀጥሬ ለሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በዚህ ዕድሜ ስለ ሥራ ዘመን ትዝታ መጻፍ እንደሚያስቅ አውቃለሁ፤ ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ድምፅ ስይዝ ኖሬ ያንን ሥራ ትቼዋለሁ፤ የተውኩበትንም ምክንያት ሰው በየመንገዱ ይጠይቀኛል። ቆሜ ለእያንዳንዱ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

ወደ ስቱዲዮው የሄድኩት ለሥራ አልነበረም። ግጥሜን በድምፅ ላስቀርጽ ነው የሄድኩት። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም፤ እጄ የገባውን ሁሉ እያነበብኩ፣ የጻፍኩትን እየቀደድኩ ነው የተማርኩት። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እወድ ነበር፤ ቤት መምታት። ስንኞች ሁሉ እኩል ሄደው እኩል ሲዘጉ እንደ ተደረደረ ሳንቃ ያስደስቱኛል። ሸምሱ ሁለት ግጥም ካዳመጠ በኋላ «ለማስቀረጫ የሚሆን ገንዘብ አለሽ?» አለኝ። የለኝም አልኩት። «እንግዲያው መጥረጊያው እዚያ ጥግ ነው፤ እየጠረግሽ ተማሪ» አለኝ። በዚያው ቀረሁ። ደሞዙ ለቤት ኪራይና ለወረቀት ይበቃ ነበር፤ ከዚያ በላይ የሚባልለት ነገር የለውም።

ስቱዲዮው ከሆሳዕና መናኸሪያ ፊት ለፊት፣ ከሸምሱ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ግድግዳዋ የእንቁላል ካርቶን ተለጥፎበታል፤ በሯ ላይ የፍራሽ ስፖንጅ ተቸንክሯል። እንዲያም ሆኖ የመናኸሪያው ጩኸት በሆነ ስንጥቅ ይገባል። በከተማችን ከሚወደዱት መዝሙሮች በአንዱ ውስጥ፣ ሦስተኛው አዝማች ላይ፣ ጆሮ ለሚሰጥ ሰው «አዲስ አበባ! አንድ ሰው የቀረው!» የሚል ድምፅ አለ። ባለቤቶቹ እስከ ዛሬ አልሰሙትም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።

ሸምሱ ቤተሰቡ ከጉራጌ የመጣ ሙስሊም ነው። የሆሳዕናን መዝሙር ግን ከማንም ጴንጤ በላይ በቃሉ ያውቃል፤ ሒሳብ ሲሠራ ሁሉ ያንጎራጉራል። አዛን ሲሰማ ቀረጻ ያቆምና «ሁለቱን አንድ ላይ ከቀዳሁ ሁለቱም ወገን ይጣላኛል» ብሎ ወደ መስጊድ ይሄዳል። መጀመሪያ እርስዎ እለው ነበር። «እርስዎ ካልሽኝ እንደ ሽማግሌ መምከር እጀምራለሁ፤ ይቅርብሽ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አንተ አልኩት፤ እሱ ደግሞ «ገጣሚዋ» ይለኛል፤ ግማሹ ለክብር ግማሹ ለማብሸቅ።

ሥራው ስቱዲዮ ብቻ አልነበረም። አዲሎ ድረስ ሄጄ ሠርግ ቀድቻለሁ፤ የጭነት መኪና ጥሩምባ ሙሽራዋን ከሚያወድሱት ሴቶች ጋር በአንድ ቃና ገብቶልኝ ያውቃል። አንጋጫ ላይ ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ አንድ ሰዓት ሙሉ ከመዘምራን ጋር ተቀምጬ እስኪያባራ ጠብቄያለሁ። ማይክ ወደ ሰው አፍ ሳይሆን ትንሽ ወደ ደረቱ መዞር እንዳለበት፣ የሚፈራ ዘፋኝ ከመቅዳት በፊት ስለ ልጆቹ ቢጠየቅ ጉሮሮው እንደሚፈታ የተማርኩት በእነዚህ ጉዞዎች ነው። በአብዛኞቹ ላይ ጋሽ ሎምቤቦ አብረውኝ ነበሩ።

እሳቸውን ከጡረታ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ነበር የያዛቸው። ሰዎች ከአንድ በላይ በሆነ ድምፅ መዝፈን ሲጀምሩ መጀመሪያ እንዴት ነበር ያደረጉት? ለዚህ ሲሉ ከሀዲያና ከከምባታ መንደሮች የሰበሰቡትን ዜማ፣ አንድ የውጭ አገር መምህር ትተውላቸው ከሄዱት ካሴት ጋር ያስተያያሉ። ካሴቱ ላይ ያሉት የጥንት አውሮፓ መነኮሳት ይዘምሩት የነበረው ዜማ ነው። ያን ካሴት ስንቴ እንዳሰሙኝ ቁጥሩን እኔም አላውቀው።

የሚያዳምጡት ቆመው ነው። ተቀምጦ የሚሰማ ሰው ግማሹን ለወንበሩ ይሰጣል ይላሉ። አንድን ዜማ ሦስት ጊዜ ይሰማሉ፤ መጀመሪያ የላይኛውን ድምፅ ብቻ፣ ቀጥሎ የታችኛውን ብቻ፣ በሦስተኛው ትንፋሹን። በሦስተኛው ላይ እርሳስ ያነሳሉ። ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ መስመር ይስላሉ፤ ዘፋኙ ትንፋሽ የወሰደበት ቦታ ላይ መስመሩን ያቋርጣሉ። ኖታ አይጽፉም። ማስታወሻ ደብተራቸው ከሩቅ ሲታይ የተቆራረጠ ክር ይመስላል። የሚዘፍንን ሰው ሲያርሙ አንድም ቀን አላየሁም፤ መጀመሪያ «ይህን ማን አስተማረህ?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱን ሲሰሙ ማረሙ ይቀራል።

የሰሙትን ሁሉ ከሦስት ይከፍሉታል። ሁለት ድምፅ እንደ ሁለት በሬ ጎን ለጎን፣ ርቀቱን ሳይለቅ የሚሄድበት አለ። አንዱ ድምፅ ቆሞ ሌላው በላዩ የሚሄድበት አለ። አንዱ ሳይጨርስ ሌላው የሚገባበት አለ፤ እኔ ያን ቀን ስህተት ያልኩት ይሄኛውን ነበር። የመነኮሳቱ ካሴት ላይ ጎን ለጎን የሚሄደውና ቆሞ የሚይዘው ሁለቱም አሉ።

«ኳየር ላይ ቴነር እንላለን አይደል?» አሉኝ አንድ ቀን። «በጥንት ቋንቋቸው ያዥ ማለት ነው። ዜማውን ይዞ የሚቆመው ሰው ነበር ቴነር።»

«እና የእኛዎቹ ከእነሱ ወሰዱ ነው የሚሉት?»

«ከየት አምጥተው? መነኩሴ ሾኔ መጥቶ ያውቃል?»

«ወይስ እነሱ ከእኛ?»

«አንቺ ደግሞ ሁሌ ሌባ ትፈልጊያለሽ። ማንም ከማንም አልወሰደም። ሁለቱም የገጠማቸው አንድ ችግር ነው፤ ሰው ትንፋሹ ያልቃል። እነዚያ የድንጋይ ቤት ነበራቸው፤ ዝም ሲሉ እንኳ ግድግዳው ትንሽ ይይዝላቸዋል። እኛ በሜዳ ነው የምንዘፍነው። የሚይዝልን ሰው ብቻ ነው።»

ቆንጆ አባባል ነው ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ገጣሚ ቆንጆ ነገር ሲሰማ ይጽፈዋል፤ ተረዳው ማለት ግን አይደለም።

በስምንተኛው የሥራ ዓመቴ መጨረሻ አንድ መሥሪያ ቤት በብዙ ድምፅ የሚዘፈኑ ጥንታዊ የአካባቢው ዜማዎችን ቀድቶ ለማስቀመጥ ፈለገና ሥራው ለሸምሱ ተሰጠ። አሥራ ሁለት ዜማ ነው። ከእያንዳንዱ ጋር የመንደሩንና የዘፋኞቹን ስም የያዘ አንድ ቅጽ ይያያዛል። ሥራችን ካማረ ሌላ ዞን ላይም ሥራ እንደሚሰጡን ተነገረን። ሸምሱ ሱቁን ለወንድሙ ትቶ ሙሉ ጊዜውን ለስቱዲዮው ሊሰጥ ማሰብ የጀመረው ያኔ ነው። አሥራ አንዱን ዜማ ከጋሽ ሎምቤቦ ጋር እየዞርን ቀዳን። አሥራ ሁለተኛው ሲቀር ጋሽ ሎምቤቦ የዓይን ሞራው ባሰባቸውና ለቀዶ ጥገና ሐዋሳ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ።

የቀረው ከሺንሺቾ አለፍ ብሎ ካለ መንደር፣ ሴቶች እንሰት ሲፍቁ የሚዘፍኑት ዜማ ነበር። ጋሽ ሎምቤቦ መኪና ውስጥ ገብተው በሩ ከተዘጋ በኋላ መስኮቱን አውርደው «ወደ እነሱ ሂጂ። ወደዚህ አታምጫቸው» አሉኝ።

አመጣኋቸው።

ምክንያት ነበረኝ። ዝናብ ነበር፤ መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ዕቃው የሸምሱ ነው፣ ውኃ ቢገባበት የምተካበት የለኝም። እውነተኛው ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ አሥራ አንድ ዜማ ከቀዳሁ በኋላ የማላውቀው የቀረ አልመሰለኝም።

አራት ሆነው መጡ። መሪያቸው አልማዝ የምትባል የእኔ እኩያ ናት፤ አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል። ሁለቱ ጎረቤቶቿ ናቸው። አራተኛዋ አማቷ አማ ዘነበች ነበሩ። አማ በእነሱ በከምባትኛም በእኛ በሀዲይኛም እናት ማለት ነው። አጭር፣ እጃቸው ሰፊ፣ አማርኛ እየሰሙ በከምባትኛ የሚመልሱ ሴት።

የወጣት ዘማሪ አልበም እንደምቀዳው ቀዳኋቸው፤ አንድ በአንድ እያስገባሁ፣ ሄድፎን አድርጌላቸው፣ እያንዳንዷ የየራሷን ድምፅ ለብቻዋ። አልማዝ ሄድፎኑን አድርጋ «እንደ አውሮፕላን ነጂ ሆንኩ» ብላ ሳቀችና ጥሩ ዘፈነች። ሁለቱም ዘፈኑ። አማ ዘነበች ገብተው ቆሙ። ጠበቅሁ። ጉሮሯቸው ውስጥ እምም የሚል ዝቅ ያለ እምታ ጀመሩና ወዲያው ተዉት።

«ምን ሆኑ?» አልኳት አልማዝን።

ጠይቃቸው ተመለሰች። «ማንን ነው የምይዘው? ማንም የለም እኮ፣ ነው የምትለው።»

ቃሉን የረሱት መሰለኝ። ያረጁ ሰው ናቸው፣ ይርሱ፣ አልኩ በሆዴ። «ችግር የለም አማ፤ ትንሽ ያርፉ» ብዬ ወደ ሱቁ አወጣኋቸው፤ ወንበር ሰጠኋቸው፤ ለስላሳ አስከፈትኩላቸው። ከዚያ ረሳኋቸው። ሦስት ሰዓት ያህል፣ ድምፃቸው የተዘጋ ቴሌቪዥኖች በተደረደሩበት ግድግዳ ፊት ተቀምጠው ቆዩ።

ቀጥሎ ያለውን ሥራ ለብቻዬ ነው የሠራሁት፤ እንደዚያ ሳምንትም በሥራዬ ተደስቼ አላውቅም። ሦስቱ ድምፆች አይገጥሙም ነበር። አንዷ ቀድማ ትገባለች፣ ሌላዋ መሃል ላይ ትቋረጣለች። ኮምፒውተሩ ላይ ድምፃቸውን እንደ ጨርቅ ዘርግቼ ቆረጥኩ። ትንፋሻቸውን አወጣሁ፤ የተፈጠረውን ክፍተት የሚቀጥለውን ቃል ስቤ ሞላሁት። ስንኞቹ ሁሉ እኩል ጀመሩ፤ እኩል ዘጉ። ቤት መታ። የመሥሪያ ቤቱ ሰው በስልክ ሲሰማው «ከአሥራ ሁለቱ ይሄ ይበልጣል፤ ናሙና የምናደርገው እሱን ነው» አለ። ሸምሱ ኬክ ገዛ።

ጋሽ ሎምቤቦ ከሐዋሳ ሲመለሱ ጥቁር መነጽር አድርገው ነበር። ቆሙ። አንዴ ሰሙ፤ «ያምራል» አሉ። ሁለተኛ ሰሙ፤ «ከታች ማን አለ?» አሉ። መልሼ ከፈትኩት። ለሦስተኛው እርሳስ አነሱና መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ከወረቀቱ ዳር እስከ ዳር ሦስት መስመር ሳሉ። እርሳሱ አንድም ቦታ ላይ አልተነሳም። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«እንዲህ ያለ መስመር ስዬ አላውቅም» አሉ። «ስንት ሆነው መጡ?»

«አራት።»

«አራተኛዋስ?»

«ውጭ ነበሩ።»

«የት ውጭ?»

«ሱቁ ውስጥ። ቴሌቪዥኑ ጋ።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና «ሄደሽ ንገሪያት» አሉኝ።

በማግስቱ ከመናኸሪያ ተሳፈርኩ። ከሺንሺቾ ወዲያ በሞተር ነው የሄድኩት፤ ባለሞተሩ መንገዱን ሙሉ «የጤና ኤክስቴንሽን ነሽ?» እያለ ጠየቀኝ። አማ ዘነበችን ከጓሮ፣ እንሰቱ መሃል አገኘኋቸው። አልማዝ ልታስተረጉም መጣች። በመንገድ ያዘጋጀሁት ጥሩ ንግግር ነበረኝ፤ ከአፌ የወጣው ግን «አማ፣ የማያስፈልጉ መስሎኝ ነው» የሚል ብቻ ነበር።

አልማዝ ስትተረጉመው ፈራ ተባ አለች። አማ ዘነበች ሰምተው አንድ ነገር ተናገሩ። አልማዝ ሳቀች።

«ምን አሉ?»

«ግዴለም፣ ያን ሁሉ ቴሌቪዥን ያየ ከመንደራችን እኔ ብቻ ነኝ፤ አንዱም ግን አይናገርም አለች።»

እንደገና ልቅዳችሁ ብዬ ለመንኩ። አልማዝ ራሷን ነቀነቀች። ፍቂያው አልቋል፤ የተፋቀው የሚቀበርበት ጉድጓድ ሞልቶ ተከድኗል፤ የሚቀጥለው ከወራት በኋላ ነው። ያለ ሥራ ደግሞ አይዘፈንም። «እጅ አጣጥፎ መዝፈንማ ለሬሳም አይሆን» አለች። ስቱዲዮ ድረስ መጥተው የዘፈኑት እኔን ላለማሳፈር እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

አማ ዘነበች ግን ተነሱ። ያረጀ ሳንቃ ከአጥሩ ስር አውጥተው ዘንበል አድርገው አቆሙ። አንድ የእንሰት ግንድ ልጥ ቀድደው ሰጧት፤ አልማዝ ከሳንቃው ፊት ተቀምጣ ልጡን በተረከዟ ሳንቃው ላይ ረገጠችና የቀርከሃ መፋቂያውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ታች ሳበች። በአፏ አንድ ስንኝ አለች። እጇ ታች ሲደርስ መላ ሰውነቷ ታጠፈ፤ ድምፁ መሃል ላይ ተቆረጠ። እዚያች ላይ የአማ ዘነበች ዝቅ ያለ እምታ ከስር ይዞት ቆየ። አልማዝ ቀና ስትል የተወችው ቦታ ላይ መልሳ ገባች። ሦስት ጊዜ ብቻ ነው ያሳዩኝ። መቅጃው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ እጄን ስሰድ አማ ዘነበች በጣታቸው አይሆንም አሉኝ። ይሄ ማሳያ እንጂ ዘፈን አይደለም።

እኔ የቆረጥኩት ያንን መታጠፍ ነው። የእሳቸውን ድምፅ አልደመሰስኩም፤ መጀመሪያውኑ አልነበረም። የደመሰስኩት ድምፃቸው የሚያስፈልግበትን ቦታ ነው።

«አርብ ሆሳዕና ጉዳይ አለን» አለች አልማዝ ስትሸኘኝ። «አማቴ የሠራሽውን ልሰማው ትላለች።»

አርብ ደግሞ ማስረከቢያው ነበር። ሸምሱን የሚቀጥለው ፍቂያ እስኪደርስ እናዘግየው አልኩት። አላሾፈብኝም። እፊቴ ስልክ ደወለ፤ ሲለምንም አየሁት። አርብ ካልገባ የሌላው ዞን ሥራ ለሌላ ይሰጣል አሉት። ስልኩን አስቀምጦ «እንግዲህ ሰማሽ» አለኝ።

አማ ዘነበችና አልማዝ ከቀትር በኋላ መጡ። ጋሽ ሎምቤቦ ለዓይናቸው ሐኪም ቤት ነበሩ። በሩን ዘግተን አራታችን ክፍሏ ውስጥ ተጨናነቅን። ሸምሱ «እንኳን ደህና መጡ እናቴ፣ ዛሬስ ከውስጥ ነዎት» አለና እሱው ማሰሚያውን ነካ።

የአልማዝ ፊት በራ። «ውይ! እኛ ነን? እንዲህ ነው እንዴ ድምፃችን የሚያምረው?» ስልኳን አውጥታ ልትቀዳው ጀመረች።

አማ ዘነበች መሬት መሬት እያዩ ሰሙ። ከዚያ ከስር መያዝ ጀመሩ። በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ የደረታቸው ድምፅ የጠረጴዛውን እንጨት ሲያስነዝር በእጄ ተሰማኝ። አንድ ስንኝ ያዙ። ሁለተኛውን ያዙ። ከድምፅ ማጉያው የምትወጣው አልማዝ ግን ትሄዳለች፣ ትሄዳለች፤ አማ ዘነበች ሊረከቧት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እየሳቡ ይጠብቃሉ፤ እሷ ቦታውን አልፋው ሄዳለች። ለሦስተኛ ጊዜ ሞከሩ። ከዚያ ተዉት። ሸምሱ ሳይነገረው አጠፋው።

አማ ዘነበች ወደ ማጉያው እየጠቆሙ ተናገሩ። አልማዝ ስልኳን ቀስ ብላ ወደ ቦርሳዋ መለሰች።

«ምን አሉ?» አለ ሸምሱ።

«ይህቺ ልጅ አልማዝ አይደለችም አለች። አልማዝ ትደክማለች። ይህቺ አትደክምም። ለማትደክም ሰው ምን ልይዝላት ነው? አለች።»

ውጭ አንድ አውቶቡስ ሊወጣ ጥሩምባውን ያስጮኻል።

«ስማችን እዚህ ላይ አለ?» አለች አልማዝ፣ ይሄ የራሷ ጥያቄ ነበር።

«ቅጹ ላይ አለ» አልኩ።

«የመንደራችንም?»

«የመንደራችሁም።»

«እናቴ፣» አለ ሸምሱ፣ ወደ አማ ዘነበች ጎንበስ ብሎ፣ «የሚሰሙት ሰዎች እኮ ወደውታል። ናሙና ነው ያሉት። ስማችሁ በጥሩ ይነሳል እንጂ በክፉ አይነሳም።»

አልማዝ ተረጎመች። አማ ዘነበች እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው መለሱለት። «ልጄ፣ የልጅ ልጆቼ ይህን ሰምተው እንዲህ ነው ብለው ይማሩታል፤ ከዚያ ሲፍቁ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ የእኛ ጥፋት ይመስላቸዋል፣ ነው የምትለው» አለች አልማዝ።

ቅጹን ከፋይሉ አወጣሁ። የዘፋኞች ስም የሚለው ቦታ ላይ በራሴ እጅ የጻፍኳቸውን ሦስት ስሞች ሰረዝኩ። የመንደሩንም ስም ሰረዝኩ። በጀርባው እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ እየጻፍኩም ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ «ይህ የሦስት ሴቶች ድምፅ ነው። ሴቶቹን ከሥራቸው ለይቼ የቀዳሁት፣ ትንፋሻቸውን ቆርጬ ያስተካከልኩት እኔ ነኝ። መንደራቸው እንዲህ አይዘፍንም። በናሙናነት አይያዝ።» ስሜን ጽፌ ፈረምኩ።

አልማዝ ለአማቷ ተረጎመችላቸው። አማ ዘነበች ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙና አንድ ነገር ጨመሩ።

«ዘነበች የምትባል ደግሞ ውጭ ነበረች በይ፣ አለች።»

ጻፍኩት።

ሸምሱ ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ አነበበ። አፉ እየተንቀሳቀሰ ነው የሚያነበው፤ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት መጥረጊያ ሲያሳየኝ የነበረው ሰው ጢሙ መሃል ላይ ሸብቷል፤ እስከዚያ ቀን አላስተዋልኩትም ነበር።

«ይህን ይዤ ከሄድኩ ያኛውን ሥራ አይሰጡንም» አለኝ። «ይሄ ክፍልም ተመልሶ መጋዘን ነው የሚሆነው። ታውቂያለሽ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

«እኔን ታስርቢኛለሽ ማለት አይደለም፤ ሱቅ አለኝ። አንቺ ነሽ የምትወጪው።»

«አውቃለሁ ሸምሱ።»

«በቃ፣ ካወቅሽ።»

ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አወጣ። ከእኔ ፊርማ ስር፣ የድርጅቱ ኃላፊ ብሎ ጻፈና ፈረመ፤ ማኅተሙን ከመሳቢያ አውጥቶ በአፉ እፍ ብሎበት መታ። ፍላሹን ከኮምፒውተሩ ነቀለ። ወረቀቱን አጠፈው። ለአማ ዘነበች «ልለፍ እናቴ» አላቸው፤ ጉልበታቸውን ሰብሰብ አድርገው አሳለፉት። ቆቡን አድርጎ፣ ወደ እኔ ዞር ሳይል ወጣ። በሩ ከባድ ነው፤ ሁሌም ትንሽ ቆይቶ ነው የሚገጥመው። የመናኸሪያው ጩኸት ለአፍታ ሞልቶ ገባ፤ ከዚያ በሩ ተዘጋ።